ሰባቴ ማንበብ ለፈተና አያበቃም፤ ስለ ሽምደዳ ለተጻፈው ምክር ምላሽ

ሰሞኑን ፈተና ሲቃረብ በተማሪ እጅ እየዞረ ያለ አንድ ጽሑፍ አለ፣ አንድ ኮርስ በ3 ቀን እንዴት ሸምድዶ መጨረስ እንደሚቻል ነው ሚመክረው። እኔጋ ብቻ አራት ልጆች ልከውልኛል፣ አንዷማ "እንደዚህ ባጠና ይሻለኛል?" ብላ ጠይቃኛለች፣ እሷ ባትጠይቀኝ ዝም ብዬ አልፈው ነበር። እኔ የጨረስኩት ነርሲንግ ነው፣ አሁን ከስራ መልስ ለኤግዚት ኤግዛም ሚዘጋጁ ልጆችን አስጠናለሁ፣ ከነሱ ውስጥ ባለፈው ዙር ወድቀው ድጋሚ ሚፈተኑ አሉ። ሰነፍ ስለሆኑ አይደለም የወደቁት፣ ያጠናሉ፣ እንዲያውም ከብዙ ሰው በላይ ያጠናሉ፣ ግን ሚያጠኑት ልክ ይሄ ጽሑፍ እንደሚለው አርገው ነው። ለዛ ነው ነጥብ በነጥብ መመለስ የፈለኩት።

ጽሑፉ ምን ይላል? ሃንዳውቱን 7 ጊዜ ደጋግመህ አንብብ፣ የቆሎ ተማሪም ሊቅ ሚሆነው በመደጋገም ብቻ ነው ይላል። ከዛ በ3 ቀለም አስምር። ከዛ በአይንህ ነው ወይስ በጆሮህ ምትማረው፣ እሱን ለይ። ያነበብነውን 10 በመቶ፣ የሰማነውን 20 በመቶ ነው ምናስታውሰው ምናምን ሚል ሰንጠረዥም አለው። ያለፉ አመታት ፈተናዎችን ሰብስበህ መልሳቸውን ሸምድድ፣ የመጨረሻዋን ሌሊት አትተኛ፣ በቡና ወይ በጫት ነቅተህ አንጋ። መጨረሻ ላይ ስልክ ስለመዝጋትና የስም ዝርዝሮችን በአባባል ስለመያዝ ያነሳል፣ እነሱ ላይ ብዙም ጸብ የለኝም፣ እመለስባቸዋለሁ።

በሰባቱ ንባብ ልጀምር፣ ትልቁ ስህተት ያለው እሱ ጋ ነው።

አንደኛ አመት እያለሁ የአናቶሚ ሚድ ሲደርስ ሃንዳውቱን አምስቴ አነበብኩት። አምስተኛው ላይ ገጹን ሳልገልጠው ቀጥሎ ምን እንዳለ ማውቅ ይመስለኝ ነበር፣ ደስ ብሎኝ ነው ወደ ፈተና የገባሁት። ስለ ትከሻ ጡንቻዎች ሲመጣ ገጹ ቁልጭ ብሎ ይታየኛል፣ በግራ በኩል ከላይ እንደነበር፣ ጥጉ ላይ ሻይ የፈሰሰበት ቢጫ ምልክት እንዳለው ሁሉ ይታየኛል፣ የተጻፈው ግን የለም። ከ30 11 አመጣሁ። ዶርም ገብቼ ሳለቅስ ከኔ አንድ አመት ምትቀድም ልጅ ሃንዳውቱን ከእጄ ተቀብላ አልጋው ላይ ደፋችውና "በይ አሁን ሳታዪ ንገሪኝ" አለችኝ። ሶስት ዓረፍተ ነገር አልሞላሁም። "አንብበሻል እንጂ አላጠናሽም" አለችኝ፣ ያን ሰዓት በጣም ነው የተናደድኩባት።

አሁን ግን ስንት ልጅ ላይ እንዳየሁት። በየቀኑ ታክሲ ሰልፍ ላይ ምታየው ሰውዬ አለ አይደል፣ ፊቱን ከሺ ሰው መሃል ትለየዋለህ፣ ስሙን ብትጠየቅ ግን አታውቀውም፣ መቶ ቀን ብታየውም አታውቀውም፣ አንድ ቀን ጠይቀኸው በሌላ ቀን በስሙ ስትጠራው ነው ሚያዝልህ። ሃንዳውት ሲደጋገምም አይን ይለምደዋል፣ የለመድነውን ደግሞ ያወቅነው ይመስለናል፣ ፈተና ላይ ግን ሃንዳውቱ የለም፣ የተጠየቅነው ፊቱን እንድንለይ ሳይሆን ስሙን እንድንጠራ ነው።

በፈረንጆቹ 2006 ሮዲገርና ካርፒኪ ሚባሉ ተመራማሪዎች ሴንት ሉዊስ በሚገኘው ዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ ይሄንኑ በተማሪ ላይ ሞክረውታል። አጫጭር ጽሑፎች ሰጧቸው፣ አንዱ ቡድን በአራት ዙር ዝም ብሎ አነበበ፣ በአማካይ 14 ጊዜ ገደማ ደጋግመውታል፣ ጸሐፊያችን ካለው እጥፍ ማለት ነው። ሌላው ቡድን በመጀመሪያው ዙር ብቻ አነበበ፣ 3 ጊዜ ገደማ፣ ቀሪዎቹን ሶስት ዙሮች ጽሑፉን ሳያይ የያዘውን ባዶ ወረቀት ላይ ሲጽፍ ቆየ። ከ5 ደቂቃ በኋላ ሲፈተኑ ያነበቡት በለጡ፣ 83 በመቶ ለ71። ከአንድ ሳምንት በኋላ ግን ያነበቡት 40 በመቶ ነው ያስታወሱት፣ ሲጽፉ የቆዩት 61። ከሁሉም እኔን የገረመኝ ደግሞ ከሳምንት በኋላ ምን ያህል ታስታውሳላችሁ ተብለው ቀድመው ሲጠየቁ ይበልጥ እርግጠኛ የነበሩት እነዛ ሲያነቡ የዋሉት ናቸው። ጸሐፊው "እኔ ሞክሬው ሰርቶልኛል" ሲል አልዋሸም እኮ፣ ከ5 ደቂቃ በኋላ ይሰራል፣ ጠዋት አንብበህ ጠዋቱን ከተፈተንክ ይሰራል። በዛው ሳምንት ግን ይከዳሃል።

የቆሎ ተማሪን መጥቀሱ ነው በጣም ያሳዘነኝ። ይሄን ነገር ሁሉም ሰው ነው ሚለው፣ "የኛ አገር የድሮ ትምህርት ሽምደዳ ነው" ይባላል፣ አንዱ ሊያጣጥልበት ሌላው ሊያሞግስበት፣ ሁለቱም ግን እዛ ቤት ውስጥ ሚሰራውን ያዩት አይመስለኝም። እኔ ፊደል የቆጠርኩት ቄስ ትምህርት ቤት ነው፣ ስንደዶ ይዘን ፊደሉን አንድ በአንድ እየነካን። ሀ ሁ ሂን እንደ ዜማ ከወጣነው በኋላ ነው አቡጊዳ ሚመጣው፣ አ ቡ ጊ ዳ ሄ ው ዞ፣ ፊደሉ ተርታውን ለቋል፣ ድምጹም ከግዕዝ እስከ ሳብዕ በየተራ ይዘላል። ምን ለማግኘት ይመስላችኋል? ሀ ሁ ሂን በተርታ የሸመደደ ልጅ እዛ ጋ ይያዛል፣ ፊደሉን በመልኩ የለየው ደግሞ ያልፋል። የኔታ መሃል ላይ አንዷን ፊደል በጣታቸው ነክተው "ይቺ ማን ናት?" ሲሉኝ የተርታው ዜማ ምንም አይረዳኝም ነበር፣ ከሀ ጀምሬ በሆዴ እየቆጠርኩ እስክደርስ አይጠብቁኝም። ለአምስትና ስድስት አመት ልጅ እንዲህ አይነት ፈተና ያዘጋጀ ሰው ሽምደዳ ምን እንደሚጎድለው ከኛ በፊት አውቆታል።

ቀጥሎ በቃል ሚያዘውም ቢሆን እንደዛው ነው። ውዳሴ ማርያም በቃሉ ሚይዝ ተማሪ ብዙ ጊዜ ማታ በጨለማ ነው ሚቀበለው፣ ፊቱ ላይ መጽሐፍ የለም፣ ከየኔታ ወይ ከበላዩ ካለው ተማሪ አፍ ይቀበላል፣ መልሶ ይላል፣ ሲስት ይታረማል፣ ነገም ያንኑ ይባላል። ቁርአን ሚሀፍዝ (በቃሉ ሚይዝ) ልጅም ሉሑ፣ ማለት የእንጨት ሰሌዳው፣ ላይ የተጻፈለትን ይዞ ሼኹ ፊት ቀርቦ በቃሉ ያሰማል፣ ሳያሰማ ሉሑ ታጥቦ አዲስ አይጻፍለትም። እዚህ ሁሉ ውስጥ መደጋገም አለ፣ አልካድኩም፣ ግን ሚደጋገመው ከአፍ ማውጣቱ ነው፣ አይን ገጽ ላይ መመላለሱ አይደለም። ቅኔ ቤት ሲደርስማ ነገሩ ሌላ ነው። አጎቴ ቅኔ ቤት የቆየ ሰው ነው፣ እሱ እንደሚለኝ ሰው የተቀኘውን ቅኔ በቃልህ ይዘህ ብትሄድ ሌባ ነው ምትባለው፣ ተማሪው ቀኑን ሙሉ ከዛፍ ስር ወይ ከመቃብር ቤት ጥግ ተቀምጦ የራሱን ጉባኤ ቃና ይቆጥራል፣ ሁለት መስመር ናት፣ ግን ሰዋስዉም ዜማዉም ሰሙና ወርቁም ገጥሞ መምጣት አለበት፣ ከዛ መምህሩ ፊት ይነግራል፣ ይታረማል፣ በሚቀጥለው ቀን ደግሞ አዲስ። ይሄን "በመደጋገም ብቻ" ብሎ ማለፍ ትልቅ በደል ነው።

እሺ ካላነበብን ምን እናርግ? አንድ ነገር ቀረብ አርጌ ላሳያችሁ። ባለፈው ወር ከማስጠናቸው ልጆች አንዷ የደም ዝውውርን "ጨርሼዋለሁ" አለችኝ፣ ስድስቴ አንብባዋለች። ባዶ ወረቀት ሰጠኋትና ልብ ሳይባት፣ ደሙን ከቬና ካቫ አስገብተሽ በአዮርታ አስወጪው አልኳት። ቀኝ ኤትሪየም (የላይኛው የልብ ክፍል) ጋ ገባች፣ ትራይከስፒድ ቫልቭን አለፈች፣ ቀኝ ቬንትሪክል (የታችኛው ክፍል) ደረሰች፣ ከዛ እስክሪብቶዋ ቆመ። ከልብ ወደ ሳንባ ሚወስደውን ቧንቧ "ቬይን" ብላ ጻፈችው። ለምን ስላት "ኦክስጅን የሌለው ደም ነዋ ሚሸከመው፣ አርተሪ ኦክስጅን ያለው ደም ነው ሚሸከመው" አለችኝ፣ ሃንዳውቱ ላይም እንደዛ ይላል፣ በቢጫ አስምራበታለች። አርተሪ ማለት ግን ከልብ ሚወጣ ማለት ነው፣ ቬይን ወደ ልብ ሚመለስ፣ ኦክስጅኑ አይደለም ስም ሚያወጣላቸው፣ ስለዚህ ፐልሞናሪ አርተሪ ኦክስጅን ያነሰው ደም ይዞ ከልብ ይወጣል፣ ፐልሞናሪ ቬይን ደግሞ ኦክስጅን የሞላው ደም ይዞ ይመለሳል። ይሄ ፈተና ላይ በጣም ሚወደድ ጥያቄ ነው። ስድስቴ ስታነብ ይሄ ስህተት አልታየም፣ ወረቀቱ ላይ በ3 ደቂቃ ታየ። ከዛ ጠየቅኳት፣ የግራው ቬንትሪክል ግድግዳ ከቀኙ ለምን ወፈረ? ዝም ብላ ስዕሉን አየችው፣ "ቀኙ እኮ ሚልከው እዚሁ አጠገቡ ሳንባ ነው፣ ግራው ግን እስከ እግር ድረስ ነው ሚገፋው" አለች። ይሄን ማንም አልነገራትም፣ ከራሷ ነው የወጣው፣ ከሁለት ሳምንት በኋላ ሳልነግራት ድንገት ስጠይቃት አልጠፋትም።

እንግዲህ እኔ ምለው ይሄንን ነው። አንዴ በደንብ፣ ገብቶህ አንብብ፣ ካልገባህ ሁለቴ። ከዛ ዝጋው። ባዶ ወረቀት ላይ የያዝከውን ሁሉ አውጣ፣ ሲያልቅብህ ቶሎ አትክፈተው፣ ትንሽ ታገል፣ ያ ትግል ነው ሚያስይዘው። ከዛ ክፈትና የረሳኸውን በሌላ ቀለም ጨምርበት። በሚቀጥለው ቀን ምታነበው ሃንዳውቱን ሁሉ አይደለም፣ በሌላ ቀለም የጨመርካትን ብቻ ነው። መጀመሪያ ላይ ይደብራል፣ ምንም ማታውቅ ይመስልሃል፣ ብዙ ልጆች እዚህ ጋ ነው ተስፋ ቆርጠው ወደ ንባቡ ሚመለሱት ምክንያቱም ንባቡ ደስ ይላል፣ ይሄኛው ያሳፍራል። ዶርም ውስጥ ብቻህን ስታፍር ግን ማንም ማርክ አይቀንስብህም።

ሁለተኛው "3 ቀን ይበቃል" ሚለው ነው። ለሚድ ልታልፍበት ትችላለህ፣ እሱን አልከራከርም። ግን አሁን እኮ ዘመኑ ተቀይሯል፣ ከ2015 ዓ.ም ጀምሮ የመጀመሪያ ዲግሪ ተመራቂ በሙሉ ኤግዚት ኤግዛም ይፈተናል፣ ማለፊያው 50 በመቶ ነው፣ በመጀመሪያው ዙር ያለፈው ከተፈታኙ 40 በመቶ ገደማ ብቻ ነበር። ከተፈታኞቹ ብዙዎቹ እኮ ኮርሶቹን በሙሉ አልፈው የመጡ ልጆች ናቸው። ሁለተኛ አመት ላይ በ3 ቀን ሸምድዶ ቢ ፕላስ ያመጣበት ኮርስ አራተኛ አመት ላይ ሲመጣበት እንደ አዲስ ነው ሚያየው፣ እኔ ጋ መጥተው "ይሄን ኮርስ ተምረነዋል እንዴ?" ሚሉኝ ልጆች አሉ፣ ትራንስክሪፕታቸው ላይ ኤ አለ።

ይሄ አዲስ ነገርም አይደለም። ጀርመናዊው ኤቢንግሃውስ በፈረንጆቹ 1885 (ከዚህ በኋላ ምጠቅሳቸው የጥናት አመቶችም በፈረንጆቹ ናቸው) ባሳተመው ስራው ትርጉም የሌላቸውን የፊደል ጥምረቶች ራሱ እየሸመደደ ስንት ሰዓት ላይ ስንቱ እንደሚጠፋበት ለክቶ ነበር፣ አብዛኛው ሚጠፋው በመጀመሪያው ቀን ውስጥ ነው፣ ከዛ በኋላ መጥፋቱ ቀስ ይላል። መድኃኒቱም የዛኑ ጊዜ ታይቷል፣ እያረፉ መመለስ። በ2008 የወጣ አንድ ትልቅ ጥናት ከ1,300 በላይ ሰው ይዞ መመለሻው በስንት ቀን ቢሆን ይሻላል ብሎ ፈትሾታል፣ ፈተናው ከ7 ቀን በኋላ ከሆነ በ1 ቀን ልዩነት መመለስ፣ ከ35 ቀን በኋላ ከሆነ በ11 ቀን ገደማ ልዩነት መመለስ የተሻለ ሆኖ ተገኘ። ያው ሰዓት ነው እኮ፣ አልጨመርክም፣ 6 ሰዓት በአንድ ሌሊት ምትጨርሰውን 2 ሰዓት 2 ሰዓት አርገህ በሶስት ሳምንት መበተን ብቻ ነው።

እንዴት ትለኛለህ፣ በወረቀት። አንድ ኤ4 ለስምንት እጠፈውና ቅደደው፣ በአንድ በኩል ጥያቄ በሌላው በኩል መልስ፣ ለምሳሌ "ቀኝ ቬንትሪክል ደሙን ወዴት ይልካል? በምን ቫልቭ?"። ሶስት ፖስታ ያዝ፣ አንዱ ላይ በየቀኑ፣ አንዱ ላይ በ3 ቀን፣ አንዱ ላይ በሳምንት ብለህ ጻፍ። የመለስከው ወደሚቀጥለው ፖስታ ይሻገራል፣ የሳትከው ከየትም ይሁን ወደ መጀመሪያው ይመለሳል። ሀሳቡ ሰባስቲያን ላይትነር ሚባል የሳይንስ ጋዜጠኛ በ1972 ባሳተመው ስራ ነው የታወቀው፣ እሱ በሳጥን ነበር ያደረገው። ስልክ ያለው ደግሞ አንኪ ሚባለው አፕ ቀኑን ራሱ ይቆጥርለታል፣ አንድሮይድ ላይ በነጻ ነው። እኔ ግን በፖስታው ነው የተመረቅኩት፣ ካፌ ሰልፍ ላይ አስር ካርድ ይጠየቃል፣ መብራት ጠፍቶ እንኳን በሻማ ይሰራል።

በ3 ቀለም ማስመሩ ላይ ብዙ አልልም። በ2013 ደንሎስኪና ባልደረቦቹ አስር የጥናት ዘዴዎችን መዝነው ማስመርንና ደግሞ ማንበብን ዝቅተኛ ጥቅም ካላቸው ጋ ነው የመደቧቸው፣ ራስን መጠየቅንና በቀን ከፋፍሎ ማጥናትን ደግሞ ከሁሉም በላይ። ማስመር ያስደስታል፣ ገጹ ያምራል፣ የልጅቷም ሃንዳውት አምሮ ነበር፣ የተሰመረው ግን ያሳሳታት መስመር ነው።

"በአይን ነው በጆሮ" ሚለውም አጭር መልስ ነው ያለው። ሰው ምርጫ አለው፣ አንዱ ቪዲዮ ይወዳል ሌላው መጽሐፍ፣ ግን በምርጫው ስለተማረ ይበልጥ ያውቃል ሚለውን በ2008 አራት ተመራማሪዎች ያለውን ማስረጃ ገምግመው በቂ አላገኙለትም። ሚያሳስበኝ ሌላው ጎኑ ነው፣ "እኔ በጆሮዬ ነው ምማረው" ብሎ አናቶሚን ያለ ስዕል በድምጽ ቅጂ ሚያጠና ልጅ አጋጥሞኛል። አጥንትን ሳያዩት እንዴት ነው? ስዕል ሚፈልገውን በስዕል፣ ስሌቱን በስሌት ነው ምታጠናው፣ ሚወስነው ትምህርቱ ነው።

ያ 10፣ 20፣ 30 በመቶ እያለ እስከ 90 ሚሄደው ሰንጠረዥ ደግሞ ከየትም ጥናት አልመጣም። ኤድጋር ዴል ሚባል የኦሃዮ ስቴት ዩኒቨርሲቲ ፕሮፌሰር በ1946 የማስተማሪያ መሳሪያዎችን በኮን ቅርጽ ደርድሮ ነበር፣ ቁጥር አልጻፈበትም፣ ቁጥሮቹን ሌሎች ናቸው በኋላ የጨመሩበት። ቁጥሮቹ እንደዛ በአስር በአስር እኩል መውጣታቸው ራሱ ማጠራጠር ነበረበት፣ በእውነተኛ ልኬት ላይ እንደዛ አይነት ነገር አይገኝም። ጸሐፊው ራሱ አልፈጠረውም፣ ስልጠና ላይ ሁሉ ይታያል፣ ግን ለተማሪ ስንመክር ማጣራት አለብን ብዬ ነው።

የድሮ ፈተና ጉዳይ ላይ ግማሹን እስማማለሁ። ሰብስቡ፣ በጣም ነው ሚጠቅመው፣ መልሱን መሸምደድ ግን ጥቅሙን ነው ሚገድለው። አንድ ልጅ የሶስት አመት ጥያቄ ከነ "ሲ" እና "ቢ" በቃሉ ይዞ መጣና ምርጫዎቹን ቦታ ቀያይሬ ስሰጠው ከ20 9 አመጣ፣ ጥያቄዎቹ እነዛው ናቸው እኮ። ትክክለኛው አጠቃቀም ምርጫውን በእጅህ ሸፍነህ ጥያቄውን ብቻ አንብበህ መልሱን ከራስህ ማውጣት ነው፣ ከዛ ምርጫውን ገልጠህ ትክክለኛው ለምን ትክክል እንደሆነ ብቻ ሳይሆን ሶስቱ ለምን ስህተት እንደሆኑ መናገር። ከአንድ ጥያቄ አራት እውቀት ታወጣለህ። ስሌት ያለበት ትምህርት ላይ ደግሞ፣ አካውንቲንግም ሂሳብም ይሁን የመድኃኒት ዶዝ፣ ወርክሺቱን በምዕራፍ በምዕራፍ አትስራው፣ አቀላቅለው። ሮረርና ቴይለር በ2007 ተማሪዎችን የቅርጾች ይዘት አሰርተው ነበር፣ አንድ አይነቱን ጨርሶ ወደ ሌላው የሄደው ቡድን ልምምዱ ላይ 89 በመቶ አመጣ፣ አቀላቅሎ የሰራው 60 በመቶ፣ ከሳምንት በኋላ ሲፈተኑ ግን የመጀመሪያው ወደ 20 ወረደ፣ የተቀላቀለው 63 ሆነ። ምዕራፉን እያወቅክ ስትሰራ የትኛውን ፎርሙላ እንደምትጠቀም አስቀድሞ ተነግሮሃል፣ ፈተና ላይ ግን ይሄ ምዕራፍ 4 ነው ብሎ ሚነግርህ የለም። የየኔታ አቡጊዳም ይሄው ነው።

አሁን ወደ ሌሊቱ ልምጣ፣ እዚህ ጋ ዝም ማለት አልችልም ምክንያቱም ይሄ ጥናት ብቻ ሳይሆን ጤናም ነው።

ካምፓስ ውስጥ ጫትና ጥናት እንዴት እንደተያያዙ ሁላችንም እናውቃለን፣ ፈተና ሲመጣ ጀምሮ ከዛ መውጣት ያቃተው ልጅ ያላየ የለም። ጫት ውስጥ ያለው ካቲኖን ከአምፌታሚን ጋ ሚቀራረብ ነገር ነው፣ ያነቃል፣ ያስወራል፣ እንቅልፍን ያባርራል፣ እና ከሁሉም በላይ ሁሉ ነገር የገባህ እንዲመስልህ ያደርጋል። ምርቃና ላይ ያለ ልጅ አንድ ገጽ ላይ ሁለት ሰዓት ይቆያል፣ በጥልቀት እየገባው ይመስለዋል፣ ከላይ ያልኩት የመልመድና የማወቅ ነገር እዚህ ጋ እጥፍ ይሆናል። በሁለተኛ አመቴ የክላሳችን ልጅ ሁለት ሌሊት አከታትሎ አንግቶ ፋርማኮሎጂ ፈተና ላይ ስሙን ጽፎ፣ ሶስት ጥያቄ ሰርቶ እንቅልፍ ወሰደው፣ ፈታኙ ሲቀሰቅሰው የቀረው ሩብ ሰዓት ነበር። ጎበዝ ልጅ ነበር፣ ከኔ በላይ ጎበዝ ነበር። አመቱን ደገመው።

እንቅልፍ የጥናቱ ግማሽ ነው። በ1924 ጀንኪንስና ዳለንባክ ኮርኔል ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ሁለት ተማሪዎችን ዝርዝር አስጠንተው አንዳንዴ እንዲተኙ፣ አንዳንዴ ነቅተው እንዲውሉ አርገው ሲጠይቋቸው ከተኙ በኋላ የሚያስታውሱት በጣም ይበልጥ ነበር። ከዛ ወዲህ ብዙ ተጠንቷል፣ ቀን ላይ የያዝነውን አእምሮ ሲያደራጅና ሲያጸና ሚያድረው ተኝተን ነው። የዛን ሌሊት እንቅልፍ ስትሰርቅ አዲሱን ለማስገባት ብለህ ትናንት ያስገባኸውን ታጣለህ። ቡናም ቢሆን በሰዓቱ ነው፣ ካፌይን ግማሹ ከሰውነት ለመውጣት 5 ሰዓት ገደማ ይፈጅበታል፣ ማታ 3 ሰዓት የጠጣኸው ቡና ግማሹ ከሌሊቱ 8 ሰዓት ላይም እዛው አለ። ቀን ጠጣ፣ ከሰዓት 9 ሰዓት ካለፈ ተወው። እናንተ ሲኒየሮች ደግሞ እባካችሁ ለፍሬሽ "ሳይቃም አይጠናም" አትበሉ፣ ልጁ ያምናችኋል።

ስልክ ዝጋ ያለው ልክ ነው፣ ባይሆን ከመዝጋት ሌላ ክፍል ማስቀመጥ ይሻላል፣ አጠገብህ ካለ እጅህ ይሄዳል። አባባል መፍጠሩም ለስም ዝርዝር ጥሩ ነው፣ ከአንጎል ሚወጡትን 12ቱን የክሬኒያል ነርቮች በአባባል ነው እኔም የያዝኳቸው። ግን አባባሉ ሚያመጣልህ ስማቸውን ብቻ ነው። ፈተናው "ሰባተኛው ነርቭ ማነው?" ብሎ አይጠይቅም፣ አንድ ታካሚ ጠዋት ሲነሳ በአንድ በኩል አይኑን መክደን አቅቶታል፣ አፉም ወደ አንድ ጎን ተጣሟል፣ የተጎዳው የትኛው ነርቭ ነው? ይላል። ሰባተኛው፣ ፌሺያል ሚባለው ነርቭ የፊትን ጡንቻ እንደሚያዝ ካላወቅክ አስራ ሁለቱን ስም እንደ ዳዊት ብትደግማቸው አትመልሰውም።

አሁን እውነትም 3 ቀን ብቻ የቀረው ልጅ ይኖራል፣ ተቆጥቼ ጥዬው አልሄድም። የመጀመሪያውን ቀን ኮርሱን በርዕስ ከፍለህ አንዴ አንብብ፣ እያንዳንዱ ርዕስ ሲያልቅ ዝጋና በባዶ ወረቀት አውጣ፣ ማታ 5 ሰዓት ላይ ተኛ። ሁለተኛው ቀን ጠዋት ምንም ሳትከፍት ትናንት የያዝከውን እንደገና ጻፍ፣ የጎደለውን ሙላ፣ ከሰዓት የድሮ ፈተና ምርጫውን ሸፍነህ ስራ። ሶስተኛው ቀን የሳትካቸውን ብቻ፣ ማታ ላይ ለጓደኛህ አስረዳው፣ እሱም ይጠይቅህ፣ ከዛ ተኛ። ሁሉንም አትጨርስም፣ የጨረስከው ግን ፈተና ላይ ይገኛል።

ለጠየቀችኝ ልጅ ሃንዳውቱን ደፍቼ ነው የመለስኩላት፣ እንደዛች የዶርሜ ልጅ። የጽሑፉ ባለቤትም ይሄን ካነበበው፣ ሰው እንዲያልፍ ብሎ እንደጻፈው አልጠራጠርም፣ ሌላውን እንኳን ቢተወው የጫቱን መስመር እንዲያወጣው፣ "7 ጊዜ አንብብ" ያለበትንም "አንዴ አንብበህ ዝጋና ጻፍ" ብሎ እንዲቀይረው እለምነዋለሁ። ፈተናው የፊታችን ሰኔ ነው፣ ልጆቹ አሁንም እያነበቡት ነው።